እትዬ ታደለችና የተቆረጠችው ፊደል

ደርሶባችሁ ያውቃል? አውቶቡስ ላይ ሆናችሁ በስልክ ስታወሩ የምታናግሩት ሰው ድምፅ ድንገት ይጠፋል። «ሃሎ? ሃሎ?» ትላላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ይመለሳል፤ የንግግሩ መሃል ግን የለም። «…በቃ እንደዚያ እናድርግ፣ እሺ?» ይላችኋል። ምን እንደሚደረግ አልሰማችሁም። ቢሆንም ሰውን ስንቴ አስደግማለሁ ብላችሁ «እሺ» ትላላችሁ።

እኔ ብዙ ጊዜ ብያለሁ። እትዬ ታደለች ግን ስትል ሰምቻት አላውቅም። «የቱ ጋ ነው የጠፋሽው? ከዚያ ጀምሪ» ነበር የምትለው። የምታናግራት ሴት ተሰላችታ «ተይው፣ ቁም ነገር አይደለም» ብትላት እንኳ አትለቃትም። «ቁም ነገር ካልሆነ አፍሽን ለምን አደከምሽው? ድገሚው!»

እትዬ ታደለች ባለፈው ሳምንት አረፈች። የኮሮና ወረርሽኝ እኛ ወዳለንበት አማን ከገባ ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ቀብሯ ላይ እንድንቆም የተፈቀደልን ጥቂቶች ብቻ ስለነበርን፣ አብዛኞቹ የጸሎት ኅብረታችን እህቶች የሸኟት በስልክ ነው። ስለ እሷ የምጽፈው ግን ሐዘኔን ለመወጣት ብቻ አይደለም። ከእሷ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ እሱን በሥርዓቱ አስረድቼ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ እፈልጋለሁ።

መጀመሪያ ማን እንደነበረች ልንገራችሁ። የሆሳዕና ልጅ ናት። ወደ ዮርዳኖስ የመጣችው እንደ አብዛኞቻችን በመክተብ፣ ማለትም ሠራተኛ በሚያስመጣ ቢሮ በኩል ነው። ለዓመታት ሰው ቤት እያደረች ከሠራች በኋላ ወጥታ በሰዓት የጽዳት ሥራ መሥራት ጀመረች። አማን ውስጥ ማርካ በሚባል ሰፈር፣ ከአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ ብዙም ሳይርቅ፣ ሊፍት በሌለው ፎቅ ላይ ሁለት ክፍል ተከራይታ እኔንና ሌሎች እህቶችን አስጠግታ ትኖር ነበር። ረጅም፣ ትከሻዋ ሰፊ፣ ሳቋ ከደረጃው ሥር የሚሰማ ሴት ነበረች። ስትሠራ ስልኳን በሻሿና በጆሮዋ መካከል ትሰካለች። ሁለት እጇ መወልወያው ላይ ነው፤ ጆሮዋ ግን ሁልጊዜ የሆነች ሴት ጋ ነው፤ አሠሪዋ የጮኸችባት፣ አገር ቤት እናቷ የታመመችባት፣ ወይም ዝም ብሎ የከፋት።

እኔ የኅብረቱን ልጆች አማርኛና ሒሳብ አስተምራለሁ። ከቤት የመውጣት እገዳው ታውጆ ሳይረን ሲጮኽ፣ ሰው ሁሉ በር ዘግቶ ሲቀመጥ፣ ትምህርቱን በስልክ አደረግነው። የልጆቹ ድምፅ ይቆራረጣል፤ እኔም ጊዜ እንዳይባክን እያልኩ አልፋለሁ። እትዬ ታደለች ከወጥ ቤት ሆና ትጮኽብኛለች፦

«ቲቸር! ልጅቷ እየመለሰችልሽ እኮ ነው ያለፍሻት! የቱ ጋ ጠፋሽ በያት!»

«እትዬ፣ ሌሎቹ እየጠበቁ ነው።»

«ይጠብቁ። ያልጀመረ ሰው ቢጠብቅ ምን ይሆናል? ጀምሮ የተቆረጠ ነው የሚከፋው።»

ማርካ ውስጥ ቤት መቀያየር አያልቅም፤ ዛሬ አንዷ፣ ነገ ሌላዋ ትለቃለች። ዕቃውን የምናወጣና የምናወርድ እኛው ሴቶቹ ነን። ደረጃ ላይ ከባዱን የታችኛውን ጫፍ የምትይዘው እትዬ ታደለች ናት፤ ሲደክማት ለሌላ ሰው ታቀብላለች።

«ያዝሽ?»

«ያዝኩ።»

«ልልቀቅ?»

«ልቀቂ።»

ይህ ሁሉ ካልተባለ እጇን አታነሳም። አንድ ቀን ግን ፍሪጅ ስናወጣ ሂሩት የምትባል አዲስ የመጣች ልጅ፣ ጣቷ ገና ፍሪጁን ሳይጨብጥ፣ ደካማ እንዳትባል ብላ «ያዝኩ፣ ልቀቂ» አለች። ፍሪጁ የእትዬ ታደለች እግር ላይ አረፈ። ሁላችንም ጮኽን። እሷ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አውራ ጣቷን እያሸች፣

«ሂሩትዬ፣ ፍሪጁ ባዶ በመሆኑ ጌታን አመስግኚ» አለቻት። «የማዳም ዶሮ ቢኖርበት ኖሮ ዛሬ እኔና ዶሮው አንድ ላይ ነበር የምንቀበረው።»

እኛ ሳቅን፤ ሂሩት አለቀሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሂሩት ያልጨበጠችውን «ያዝኩ» ብላ አታውቅም። እትዬ ታደለችም ከሁላችን «ያዝኩ» ይልቅ የሂሩትን ታምን ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የኋላው ነገር የመጣው ከዚህ እምነት ነው።

አሁን ስለ ስልክ ትንሽ ላስረዳ። እንዲህ ስጀምር እትዬ ታደለች «ቲቸር ሰሌዳ ፈለገች» ብላ ትስቅብኝ ነበር። ስልካችን የሚሠራው በየሰፈሩ በቆሙ ማማዎች ነው። እያንዳንዱ ማማ የራሱ ክልል አለው። መኪና ላይ ሆነን ከአንዱ ክልል ወደ ሌላው ስናልፍ፣ የመጀመሪያው ማማ ንግግራችንን ለሁለተኛው ያስረክባል። አንዳንዱ ኔትወርክ አዲሱን ከያዘ በኋላ ነው አሮጌውን የሚለቀው። አንዳንዱ ደግሞ መጀመሪያ ይለቃል፣ ከዚያ ይይዛል። በመልቀቁና በመያዙ መካከል ያለችው ክፍተት እጅግ ትንሽ ናት፤ በደህና ቀን ጆሮ አያውቃትም። ኮረብታ ሲጋርድ ወይም አዲሱ ማማ በሰው ሲጨናነቅ ግን ክፍተቷ ትሰፋና ቃል ትውጣለች። አማን ደግሞ ከኮረብታ ላይ ኮረብታ ናት፤ በእገዳው ወራት ሰው ሁሉ ቤቱ ተቀምጦ ስልክ ላይ ነበር። በደንብ የተሠራ ኔትወርክ እንዲህ ሲጨናነቅ አዲስ ደዋይን «ቆይ» ይላል እንጂ፣ እያወራ ለሚመጣው ጥቂት ቦታ ያስቀራል። የጥራቱ መለኪያ አንዱ ይኸው ነው፤ የተጀመረ ንግግር በርክክብ ላይ እንዳይወድቅ።

በመጀመሪያው ዓመት መገባደጃ፣ በሽታው በበረታበት ሰሞን፣ ብዙነሽ ታመመች። ብዙነሽ ተላዕ አል-ዓሊ በሚባል ሰፈር ሰው ቤት እያደረች የምትሠራ የኅብረታችን ልጅ ናት። ማዳሟ ቤተሰቡ እንዳይያዝ ብላ ጣራ ላይ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል አስተኛቻት። ምግብ በር ላይ ይቀመጥላታል። ያላት አንድ የቁልፍ ስልክ ብቻ ነው። አምቡላንስ ደውለን ነበር። «ሆስፒታሉ ሞልቷል፤ ትንፋሽ ካላጠራት ቤት ትቆይ፤ ካጠራት ግን ሳትዘገዩ ደውሉ» አሉን።

ትንፋሽ ማጠሩን ታዲያ ማን ይየው? ጣራው ላይ የሚወጣ ሰው የለም። ብዙነሽ ራሷ የምትፈራው ይህንኑ ነበር። «እትዬ፣ መታመሙስ ይሁን። ማንም ሳያውቅ እዚህ እንዳልቀር ነው» አለች።

«አትቀሪም» አለቻት እትዬ ታደለች። «ስንት ታናናሾች አሉሽ?»

«ስድስት።»

«ስማቸውን በአንድ ትንፋሽ ጥሪልኝ።»

«አብርሃም፣ ዘሪቱ፣ ማቴዎስ፣ ምሕረት፣ ተከስተ፣ ባርኮት።»

«ጎበዝ! እናትሽ እዚህ ላይ ማቆሟ በጀን። ሰባተኛ ቢጨመር እኔ ጤነኛዋም አልጨርሰው።»

ዘዴው እንዲህ ተገኘ። ተራ አወጣን። ሁልጊዜ አንዳችን ስልኩ ላይ እንሆናለን፤ እያጫወትናት በየመሃሉ ስሞቹን እናስጠራታለን። ባርኮት ላይ ከደረሰች ደህና ናት። ምሕረት ላይ ሳትደርስ ትንፋሿ ካለቀ አምቡላንስ ይጠራል። የቁልፍ ስልኩ ብዙ ሰው አንድ ላይ ስለማያገናኝ፣ ተራዋ ያለቀው ብዙነሽን «አንዴ ጠብቂኝ» ብላ ለተተኪዋ ትደውልና «ያዝሽ?» ትላታለች። «ያዝኩ» ስትባል፣ ብዙነሽ ስሞቹን እስከ የት እንደጠራች ትነግራታለች፤ «ልልቀቅ?» ብላ ፈቃድ ትቀበላለች። ከዚያ ለብዙነሽ «አሁን እገሊት ትደውልልሻለች» ብላ ትዘጋለች። የፍሪጁ ሕግ ወደ ስልክ ገባ ማለት ነው። ለቀናት በደንብ ሠራ።

ያ ቀን ዓርብ ነበር። በዚያ ሰሞን ዓርብ ከቤት መውጣት ክልክል ነው። እትዬ ታደለች ግን ሽሜሳኒ ሰፈር ባለ ሆስፒታል ስለምታጸዳ ተስሪሕ፣ የመንቀሳቀሻ ፈቃድ፣ ነበራት። ጠዋት የሠራተኞች መኪና ከማርካ ይወስዳታል። እስከ ሆስፒታሉ በር ብዙነሽን እያናገረች ትሄዳለች፤ በሩ ላይ ቆማ ለሂሩት ታስረክባለች፤ ስልኳን ሳጥን ውስጥ ቆልፋ ትገባለች። በሁልጊዜው መንገድ ድምፅ የሚጠፋበትን ቦታ ለምዳዋለች። «ቆይ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነን» ብላ ዝም ትልና መታጠፊያውን ሲያልፉ ትቀጥላለች።

በዚያ ጠዋት ግን ፍተሻ ስለነበረ ሾፌሩ በማታውቀው መንገድ ዞረ። ረፈደባት። በሩ ላይ ቆማ ለማስረከብ ጊዜ እንደማይተርፋት ስላወቀች መኪናው እየሄደ ለሂሩት ደወለች።

«ሂሩትዬ፣ ያዝሽ?»

«ያዝ…»

መስመሩ ተቋረጠ። ተቀባይዋ ሌላ ሴት ብትሆን እንደገና ደውላ «የቱ ጋ ነው የጠፋሽው?» ትላት ነበር። ነገር ግን የሂሩት «ያዝኩ» ነው፤ የተቆረጠችውን ፊደል እትዬ ታደለች ራሷ ሞላቻት። ብዙነሽ ባርኮት ላይ ደርሳ ነበር፤ ለብዙ ቀን እንዲያ ደህና የሆነችበት ጠዋት አልነበረም። «ሂሩት አሁን ትደውልልሻለች፣ የኔ እናት» አለቻትና ዘጋች። አብሬያት በኖርኩባቸው ዓመታት «ልልቀቅ?» ሳትል እጇን ያነሳችበት ቀን ያ ብቻ ነው።

ሂሩት ግን ያለችው «ያዝኩ» አልነበረም። በዚያው ጠዋት የምርመራ ውጤቷ ደርሷታል፤ በሽታው ይዟታል። በተቆራረጠው መስመር የሰማችው «ያዝሽ?» ሳይሆን «ያዘሽ?» ነው። ማን ነገራት ብላ እየተገረመች፣ «ያዘኝ፣ እትዬ። ዛሬ አልችልም፤ ለሌላ ሰው ስጫት» አለች። ሰምታኛለች ብላ ትኩሳት ማብረጃዋን ውጣ ተኛች። ልዩነቱ የ«ዝ» እና የ«ዘ» ብቻ ነው። ልጆቹን ፊደል ሳስቆጥር በመካከላቸው ይህን ያህል ገደል እንዳለ አስቤው አላውቅም ነበር።

ከምሳ በኋላ ተራው የእኔ ነበር። ሂሩት ልታስረክበኝ ሳትደውል ቀረች፤ ስደውልላትም አታነሳም። በቀጥታ ብዙነሽ ጋ ደወልኩ። ገና አንዴ እንደጠራ ተነሣ።

«ሂሩት?»

«እኔ ነኝ፣ ቲቸር። ሂሩት ካንቺ ጋ አይደለችም እንዴ?»

«እየጠበቅኳት… ነው። ስትደውል… መስመሩ እንዳይያዝባት ብዬ… ማንም ጋ… አልደወልኩም።»

«ስሞቹን ጥሪልኝ፣ እህቴ።»

«አብርሃም…» አለችና ተነፈሰች። «ዘሪ…»

አምቡላንስ ጠራሁ። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ ጽዳት ክፍል ደውዬ እትዬ ታደለችን አስጠራኋት። የነገርኳትን ሰምታ የሥራ ልብሷን ሳትቀይር ወጥታ፣ ሰውም መኪናም በሌለበት መንገድ ከሽሜሳኒ ወደ ተላዕ አል-ዓሊ በእግሯ ሄደች። መንገድ ላይ ወታደር አስቆማት። ፈቃዷ ለሽሜሳኒ ብቻ ነው።

«ወይን ራይሓ?» አላት። ወዴት ነው?

«ዒንድ ቢንቲ» አለችው። ልጄ ጋ።

እትዬ ታደለች አልወለደችም። ወታደሩ ወረቀቱን ትቶ ፊቷን አየና አሳለፋት።

ስትደርስ ብዙነሽን በወንበር ተሸክመው ከሕንፃው እያወጧት ነበር። መጠጋት አልተፈቀደላትም። ከወዲያ ማዶ ቆማ «ብዙዬ! እኔ ነኝ! ታደለች ነኝ!» ብላ ጮኸች። ብዙነሽ የቁልፍ ስልኩን የያዘ እጇን ትንሽ አነሳች። የአምቡላንሱ በር ተዘጋ። በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። ጠዋቱን ሆስፒታል ብትደርስ ትተርፍ ነበር ወይ ብለን ጠየቅን። «አይታወቅም» አሉን።

ሂሩት ተሽሏት ስትደውል እኔ ከእትዬ ታደለች አጠገብ ነበርኩ። ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ነበር።

«እትዬ፣ እኔ እኮ ያዘኝ ነው ያልኩሽ!»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ያዘሽ ወይ ብለሽ ጠይቀሽኝ እኮ ነው!»

«ያዝሽ ወይ ነው ያልኩት።»

«ታዲያ ለምን አላስደገምሽኝም? አንቺ እኮ የሰላምታ መልስ እንኳ ታስደግሚያለሽ!»

ሂሩት ማዶ ታለቅሳለች፤ እትዬ ታደለች እዚህ ስልኩን ታየዋለች። የኅብረቱ ሽማግሌ ደውለው «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ እህት ታደለች። ራስሽን አትክሰሺ» አሏት።

«አሜን» አለቻቸው። «ፈቃዱ የእሱ ነው። ጥያቄው ግን የኔ ነበር።»

ሳቋ ከደረጃው ጠፋ። ሥራ ውላ ትገባለች፣ ትበላለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትተኛለች። ስልኩ ሻሿ ውስጥ አይሰካም። በሽታው ግን አላረፈም፤ ሌላ እህት ታመመች፣ ተራ ማውጣት ግድ ሆነ። ያኔ እትዬ ታደለች ከተኛችበት ተነሥታ መሃላችን ተቀመጠች።

«ከእንግዲህ ‘ያዝሽ?’ አይባልም» አለች።

«ታዲያ ምን ይባል?» አልኳት።

«የምትቀበለዋን አንጠይቅም። የታመመችዋን ነው የምንጠይቃት። ተተኪዋ ትደውልላት። ከዚያ የለቀቀችው መልሳ ደውላ ለታማሚዋ ‘ማን ጋር ነሽ?’ ትበላት። ‘እገሊት ጋር ነኝ’ ብላ ስም ከጠራች ተሰጥታለች። ካልጠራች አልተሰጠችም። እስከዚያ ያለቀ ተራ የለም።»

እኔም ለልጆቹ ትምህርት ሳዘጋጅ ያነበብኩት ትዝ አለኝ። አዲሶቹ ኔትወርኮችም እንዲሁ ያደርጋሉ። አሮጌው ማማ ስለ ደዋዩ የሚያውቀውን ለአዲሱ ያቀብላል፤ መዝገቡን ግን ወዲያው አይሰርዝም። ተሻጋሪው ስልክ ራሱ ለአዲሱ ማማ «ደርሻለሁ» ብሎ ምልክት ሲሰጥ ነው አሮጌው ማማ የሚለቀው። ይህን ደስ እያለኝ አስረዳኋት።

«ማማው ብረት ነው፣ ቲቸር» አለችኝ። «ብረት ይሉኝታ የለውም። እኛ ነን ያልሰማነውን እሺ የምንል። ብዙነሽም መስመሩን እንዳልይዝባት ብላ ዝም አለች። ሰው ካልተጠየቀ ብቻዬን ነኝ አይልም።»

በዚህ ጥያቄ እየተጠበቁ ብዙ እህቶች ታመው ተነሡ። ሁሉም አልተነሡም፤ ግን በርክክብ መሃል የቀረ የለም።

በዚህ ዓመት ተራው የእትዬ ታደለች ሆነ። ትኩሳቱ በጀመረ በጥቂት ቀን ውስጥ ከአልጋ እስከ በር መሄድ አቃታት። አምቡላንሱ ሲመጣ እኔ ከደረጃው እንዳልፍ አልተፈቀደልኝም። ስልኳን ከፍታ ይዛ ሄደች፤ እኔና ሂሩት መስመሩ ላይ ነበርን። መንገዱን ሁሉ የሞተሩን ድምፅና ትንፋሿን ሰማን። ከዚያ የጎማ ድምፅ፣ የብዙ ሰው ዐረብኛ፣ የበር መከፈት። ቀጥሎ ዝምታ።

«እትዬ፣ ማን ጋር ነሽ?» አልኩ።

«እትዬ! ማን ጋር ነሽ?» አለች ሂሩት።

«ቆዩ…» አለች በስንት ጊዜ። «ስሟን… ልጠይቃት።»

«ሹ ኢስማክ?» ስትል ሰማናት። ሴትን በወንድ አጠያየቅ ነው ስሟን የጠየቀቻት። አንዲት ወጣት ሴት ከአጠገቧ ሳቀችና የሆነ ነገር መለሰች።

«ራንያ… ነርሷ ጋር ነኝ» አለችን እትዬ ታደለች። «እጄን… ይዛኛለች። አሁን ዝጉ።»

ዘጋን። ከዚያ በኋላ ድምፅዋን አልሰማንም።

እንግዲህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የታመመች እናታችሁን ለእህታችሁ ትታችሁ ስትሄዱ፣ ልጃችሁን ለጎረቤት ስትሰጡ፣ አዲስ የመጣችን ልጅ ለሌላ ሰው አደራ ስትሉ፣ ተቀባዩ «እሺ» ስላለ ብቻ ፊታችሁን አታዙሩ። ጥቂት ቆይታችሁ ደውሉ፤ የተሰጠውን ሰው ራሱን «ማን ጋር ነህ?» ወይም «ማን ጋር ነሽ?» በሉት። ስም እስኪጠራላችሁ ድረስ ጠብቁ። ከባድ አይደለም፤ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ደውላችሁ ሞክሩት።